በሰኔ ወደ ቤት የሚገቡ ሁለት ካርዶች

ሰኔ ሲጋመስ በየቤታችን የሚጠበቅ ነገር አለ። ልጆች የዓመቱን ውጤት የያዘ ካርዳቸውን ይዘው ይመጣሉ። በይፋ አይነገርም እንጂ አባትና እናትም ካርድ አላቸው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ በብዙ መሥሪያ ቤቶች የሁለተኛው ግማሽ ዓመት የሥራ አፈጻጸም ምዘና የሚሞላው በዚሁ ሰሞን ነው። የልጁ ካርድ ሳሎን ውስጥ ይዘረጋል፣ ለአያት ይነበባል፣ ለጎረቤት ይወራል። የወላጅ ካርድ ግን ቦርሳ ውስጥ ታጥፎ ይቀራል። ስሜቱ ግን ታጥፎ አይቀርም፤ እራት ላይ ይወጣል።

እኔ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በምሠራበት መሥሪያ ቤት ስድስት ሠራተኞች ያሉትን ቡድን እመራለሁ። ስለዚህ በየስድስት ወሩ እመዘናለሁ፣ እመዝናለሁም። አምና በሰኔ በአንድ ቀን ውስጥ የፈጸምኳቸው ሁለት ስህተቶች ይህን እንድጽፍ አድርገውኛል።

የስድስቱን ሠራተኞች ቅጽ የሞላሁት በአንድ ከሰዓት በኋላ ነበር። የሰው ሀብት ክፍል "እስከ ነገ ድረስ አስገቡ" ብሎናል። አምስቱን ከ85 እስከ 90 ባለው መካከል አስቀመጥኳቸው። እውነቱን ለመናገር በአምስቱ መካከል የሰማይና የምድር ልዩነት ነበር። አንዷ የሁለት ሰው ሥራ ትሠራለች፤ ሌላው ከሻይ ሰዓት በኋላ ወንበሩ ላይ አይገኝም። ግን ማን ከማን ይጣላል? የአንዱ እናት ሲሞቱ ድንኳን ውስጥ አብሬ ተቀምጫለሁ፤ ከሌላዋ ጋር አንድ ዕቁብ ውስጥ ነን። ስለዚህ ሁሉንም "በጣም ጥሩ" አልኩና አለፍኩ።

ስድስተኛው ወጣት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ለእሱ 62 ሰጠሁት። ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ፋይል ጠፍቶበት አለቃዬ ፊት አሳፍሮኝ ነበር። እንዲፈርም ስጠራው ቅጹን ቆሞ አነበበው።

"ፋይሉ የጠፋው በኔ ጥፋት ነው፣ አልክድም" አለኝ። "ግን የቀረው አምስት ወር ተኩል የት ሄደ? ሥራዬ ደካማ ከነበረ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?"

መልስ አልነበረኝም። "ፈርምና ቅሬታ ካለህ አቅርብ" አልኩት። ፈረመ። ቅሬታም አላቀረበም።

ማታ ቤት ስገባ የ6ኛ ክፍሏ ልጄ ካርዷን ይዛ ጠበቀችኝ። ባለፈው መንፈቅ 7ኛ የነበረችው ልጅ 15ኛ ወጥታለች። ኮቴን ሳላወልቅ "ምን ስትሠሪ ከረምሽ?" አልኳት። ምንም ሳትናገር ወደ መኝታ ቤቷ ገባች።

አብረውን የሚኖሩት አባቴ ካርዱን ከጠረጴዛው ላይ አነሱና መነጽራቸውን አደረጉ። "የቱን ትምህርት ነው የወደቀችው?" አሉኝ። አላየሁም ነበር። ደረጃዋን እንጂ ውጤቷን አላነበብኩም። አባቴ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ሌላው ሁሉ እንደነበረ ነው፤ የወረደው ሒሳብ ብቻ ነበር። ልጅቷን ጠርተው ቀስ ብለው ጠየቋት። በመጋቢት ታይፎይድ ይዟት ሁለት ሳምንት ከትምህርት ቤት ቀርታ ነበር። ስትመለስ መምህሩ አንዱን ምዕራፍ ጨርሶ ወደ ሌላው አልፏል። ያኔ አልጋዋ አጠገብ ያደርኩት እኔ ነኝ። በሰኔ ግን ረስቼዋለሁ።

የአባቴ ትንሽ ደብተር

አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ ነበሩ። የዚያን ዕለት ማታ የመሥሪያ ቤቱን ነገር ስነግራቸው ወዲያው አልፈረዱብኝም። "ስትሞዪ ከፊትሽ ምን ነበር?" ብለው ጠየቁኝ።

"ቅጹ" አልኳቸው።

"ሌላስ?"

"ሌላ ምንም።"

"ታዲያ ከምን ላይ ገልብጠሽ ጻፍሽው?"

እሳቸው በሸሚዛቸው ኪስ የምትገባ ትንሽ ደብተር ይይዙ ነበር። ፈረቃው ሲያልቅ፣ ሰርቪስ ከመሳፈራቸው በፊት፣ ስለ አንድ ወይም ሁለት ሠራተኛ አንድ መስመር ይጽፋሉ። "ክር ሲበጠስ ሳይጠራ ራሱ ደርሶ ቀጠለ።" "ሃያ ደቂቃ አርፍዶ ገባ፤ ልጁ ታሟል።" "አዲሷን ልጅ ማሽን አሳየቻት።" ከዚህ የበለጠ ነገር የለውም። የምዘና ጊዜ ሲደርስ ደብተሩን ይገልጣሉ። "እኔ ሰውን ከትዝታዬ አልመዝንም፤ ትዝታ ያኮረፈ ዕለት ሌላ፣ የተደሰተ ዕለት ሌላ ነው" አሉኝ።

የእሳቸው ዘመን ሰዎች "ግምገማ" የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው የሚጠቁረው በምክንያት ነው። በደርግ ጊዜ "ሂስና ግለ ሂስ" ነበር፤ ከዚያም በኋላ በስብሰባ ፊት ሰው ተነስቶ ስህተቱን የሚቆጥርበትና ሌሎች የሚጨምሩበት ግምገማ ቀጠለ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ በጉባኤ ፊት አንዴ የተነካ ሰው ላይ ሁሉም የልቡን ይወረውራል። ቀጥሎም "ውጤት ተኮር" መጣ። ካፕላንና ኖርተን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1992 ካቀረቡት የሚዛናዊ ውጤት መለኪያ የተወሰደው አሠራር በአገራችን መሥሪያ ቤቶች "ቢኤስሲ" እየተባለ በቅጽና በነጥብ ገባ። ስብሰባው ወደ ወረቀት ተለወጠ። በመዛኙና በተመዛኙ መካከል ያለው ንግግር ግን በብዙ ቦታ አሁንም አልተስተካከለም።

ሚዛናችን የሚዛባባቸው ሦስት ቦታዎች

የመጀመሪያው እኔ በመዝገብ ቤቱ ወጣት ላይ የሠራሁት ነው፤ የቅርቡን አይቶ የሩቁን መርሳት። ስድስት ወር ረጅም ነው። አእምሯችን ደግሞ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ሳምንታት አጉልቶ ያሳየናል። በሰኔ የተሰበረ ብርጭቆ በጥር ከተሠራው ቤት ይበልጥብናል።

ሁለተኛው አንድ ጠባይ ሁሉን እንዲሸፍን መተው ነው። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ጽሑፍ የጦር መኮንኖች የበታቾቻቸውን እንዴት እንደሚመዝኑ አሳይቷል። መኮንኖቹ የሰውየውን ቁመና፣ ዕውቀት፣ የአመራር ችሎታና ጠባይ ለየብቻ ነጥብ እንዲሰጡ ተጠየቁ። ነጥቦቹ ግን ከሚገባው በላይ ተመሳሳይ ሆነው ተገኙ። በአንዱ የወደዱትን በሁሉም ከፍ፣ በአንዱ የጠሉትን በሁሉም ዝቅ ያደርጉታል ማለት ነው። እኛም "ትሑት ነው" ያልነውን ሰው ሪፖርቱ ዘግይቶ ሲመጣ አናይበትም። "አፏ አያርፍም" ያልናት ደግሞ ሥራዋ ጥርት ያለ ቢሆንም ነጥቧ አይወጣም።

ሦስተኛው ይሉኝታ ነው። ይህ የኛ የራሳችን ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ለቅሶ አብረን የምንደርስ፣ ሰርግ አብረን የምንበላ ሰዎች ነን። ፊት ለፊት "እዚህ ላይ ደክመሃል" ማለት ጠብ መፈለግ ይመስለናል። ስለዚህ ለሁሉም 87 እንሰጣለን። ይህ ደግነት ይመስላል። ግን ከሻይ በኋላ የሚጠፋው ሰውና የሁለት ሰው ሥራ የምትሠራዋ ሴት አንድ ዓይነት ነጥብ ሲያገኙ የተበደለችው እሷ ናት። እሱም ቢሆን ተጎድቷል፤ የሚያርመው ነገር እንዳለ ማንም አልነገረውም። አንድ ቀን ሌላ አለቃ ሲመጣ በድንገት ይነገረዋል።

ከአነጋገር ይፈረዳል

አስተያየት መስጠት ሁልጊዜ ሰውን የሚያሻሽል ይመስለን ይሆናል። ክሉገርና ዴኒሲ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 በዚህ ጉዳይ ላይ የተደረጉ ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው መረመሩ። በአማካይ አስተያየት ይጠቅማል። ነገር ግን ከሦስት አንድ በላይ በሚሆነው ጊዜ አስተያየቱ ከተሰጠ በኋላ የሰዎቹ ሥራ ከበፊቱ የባሰ ሆኖ ተገኝቷል። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት አስተያየቱ ከሥራው ወጥቶ ወደ ሰውየው ማንነት በተጠጋ ቁጥር ጥቅሙ ይቀንሳል።

አባቶቻችን "ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል" የሚሉት ይህንኑ ነው። "አንተ ግድ የለሽ ነህ" ስንለው ሰውየው የሚያስበው ስለ ፋይሉ ሳይሆን ስለ ራሱ ክብር ነው። "በግንቦት የመጨረሻ ሳምንት ሦስት ፋይሎች ሳይመዘገቡ ወጥተዋል፤ አንዱ አልተመለሰም" ስንለው ግን የሚነጋገርበት ነገር እጁ ላይ አለ። የመጀመሪያው ስድብ ነው፤ ሁለተኛው ሥራ ነው።

በአባቴ ምክርና ራሴ በኋላ በሞከርኩት መሠረት በምዘና ቀን የሚጠቅሙ ነገሮች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ ከሁለትና ሦስት ቀን በፊት ለሰውየው ንገሩት። "ሐሙስ ጠዋት እንነጋገራለን፤ አንተም በስድስት ወሩ የሠራኸውን ጽፈህ ና" በሉት። ሰው ራሱን ሲመዝን ከኛ ይበልጥ ጥብቅ የሚሆንበት ጊዜም አለ።

ሁለተኛ፣ በር ዝጉ፤ ስልክ አስቀምጡ። ሌላ ሰው በሚሰማበት ቦታ የተነገረ እውነት እንደ ውርደት ይቆጠራል።

ሦስተኛ፣ እሱ ይጀምር። "ይህ ግማሽ ዓመት እንዴት ነበር?" ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። የማታውቁት ነገር የሚወጣው እዚህ ላይ ነው፤ የታመመ ልጅ፣ የተበላሸ ማሽን፣ ከሌላ ክፍል ያልመጣ ሰነድ።

አራተኛ፣ ጥሩውንም መጥፎውንም በምሳሌ ተናገሩ። "በርታ" ብቻ ምስጋና አይደለም። "በየካቲት የተከመረውን የአሮጌ ፋይል ክምችት ሳትታዘዝ መደርደርህ የሦስት ሰው ጊዜ ቆጥቦልናል" ሲባል ሰውየው መታየቱን ያውቃል።

አምስተኛ፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት የማይበልጥ ነገር ተስማሙ። ከእናንተም በኩል የምታደርጉትን ጻፉ። እሱ መዝገቡን በየቀኑ ይሞላል፤ እናንተ ደግሞ ቁልፍ ያለው መደርደሪያ ታስገዛላችሁ።

ስድስተኛና ዋናው፣ በምዘናው ቀን የሚነገረው ነገር አዲስ አይሁን። ሰውየው በዚያ ወንበር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ጥፋት ካለ ጥፋቱ የአለቃው ነው። የመዝገብ ቤቱ ወጣት ያለኝ ይህንኑ ነበር።

ስንተኛ ወጣ?

ሰውን ከሰው ማወዳደር ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በጃክ ዌልች ዘመን ሠራተኞቹን በየዓመቱ ከላይ 20 በመቶ፣ ከመካከል 70 በመቶ፣ ከታች 10 በመቶ ብሎ ይከፍል ነበር። ከታች የተገኙት ከሥራ የመሰናበት ዕጣ ይጠብቃቸው ነበር። ሌሎችም ኩባንያዎች ተከተሉት። ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ያለውን የደረጃ አሰጣጥ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 አስቀርቶታል። የዚህ አሠራር ተቺዎች ዋና ቅሬታ ሠራተኛው ጎበዝ ባልደረባውን ከመርዳት ይልቅ መሸሽ ይጀምራል የሚል ነበር። ጎረቤቴ ባይሳካለት እኔ ከፍ እላለሁ ማለት ነውና።

ወላጆች፣ ይህን ከቤታችን ጋር አያይዙት። "ስንተኛ ወጣህ?" የሚለው ጥያቄ ስለ ልጁ የሚነግረን በጣም ጥቂት ነው። ልጁ ምን እንደቻለና ምን እንደከበደው አይነግረንም። የክፍሉ ልጆች ጎበዞች ከሆኑ ተሻሽሎም ደረጃው ይወርዳል፤ ደካሞች ከሆኑ ተኝቶም ይወጣል። "የቱ ትምህርት ቀለለህ? የቱ ከበደህ? ከመቼ ጀምሮ?" የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ከደረጃው የበለጠ ይነግሩናል። አያቶች ለዚህ ሥራ ከኛ የተሻሉ ናቸው። ከሥራ ደክመው አይመጡም፤ ልጁም እነሱን ሲያይ አይደነግጥም።

ሥራ የጀመሩ ልጆቻችን

ተመርቀው ሥራ የያዙ ልጆች ያሏችሁ ወላጆች ልጆቻችሁ በሕግ ያላቸውን ነገር ማወቅ ይጠቅማቸዋል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ካለ ስምምነቱ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀናትም ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ ልጃችሁ ውል ስትፈርም ያንን ወረቀት አብራችሁ አንብቡ። በሙከራው መጨረሻ ላይ ብቻ ሳይሆን በመካከሉም "እንዴት እየሠራሁ ነው?" ብላ አለቃዋን እንድትጠይቅ ምከሯት። በዚያ ዕድሜ ይህን ጥያቄ መጠየቅ ከባድ ነው፤ ግን ብዙ ነገር ያድናል።

በዚሁ አዋጅ አንድ ሠራተኛ የመሥራት ችሎታው ቀንሷል ተብሎ በማስጠንቀቂያ የሚሰናበት ከሆነ፣ በኅብረት ስምምነት በሌላ ሁኔታ ካልተወሰነ በቀር፣ ይህ የሚረጋገጠው በየጊዜው በሚደረግ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ነው። ያ ችላ ብለን የምንፈርመው ወረቀት አንድ ቀን ማስረጃ ሊሆን ይችላል። የተፈረመውን ምዘና ቅጂ መጠየቅና ማስቀመጥ ልማድ ይሁን። ከምዘናው ካልተስማሙም ሳይቆጡ፣ በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ መግለጽ ያስፈልጋል።

ልጃችሁ ዝቅተኛ ውጤት ይዞ ቤት ቢገባ ደግሞ "አለቃህ ምቀኛ ነው" ለማለት አትቸኩሉ። "አንተ ድሮም ሰነፍ ነህ" ለማለትም እንዲሁ። መጀመሪያ ያብላሉት። ሲረጋጋ "ከተባለው ውስጥ የትኛው እውነት ነው?" ብላችሁ ጠይቁት።

ቤታችን ውስጥ ያለችው ሠራተኛ

ብዙዎቻችን ሌላ ቦታ አለቃ ባንሆንም ቤታችን ውስጥ አሠሪዎች ነን። ቤት የምታግዘን ልጅ ሥራዋን በተመለከተ ከኛ ምን ትሰማለች? አብዛኛውን ጊዜ ሰሃን ሲሰበር፣ ወጥ ሲያር ወይም ሕፃኑ ሲወድቅ ብቻ ነው ስለ ሥራዋ የሚነገራት። ሦስት ወር ሙሉ ሳያር የቀረውን ወጥ ማንም አላመሰገነውም። ከዚያ አንድ ቀን "ነገ ሄጃለሁ" ስትል ሁላችንም እንደነግጣለን።

በወር አንድ ጊዜ፣ ደመወዝ በሚሰጥበት ቀን፣ ቡና ተፈልቶ አሥር ደቂቃ መቀመጥ ምንም አያስከፍልም። "ይህ ወር ምን ከበደሽ? ምን ልርዳሽ? እኔ የወደድኩት ይህን ነው፤ ይህችን ብቻ እንዲህ ብታደርጊያት" ማለት ይቻላል። እኔ ይህን የጀመርኩት አምና ነው። በመጀመሪያው ወር ምንም አልነገረችኝም። በሦስተኛው ወር ግን የልብስ ማጠቢያው ሳሙና እጇን እንደሚያቃጥላት ነገረችኝ። ስንት ወር እንደታገሠች ማሰብ አልፈለግሁም።

ከዚያ በኋላ

በነጋታው ጠዋት የመዝገብ ቤቱን ወጣት ጠራሁት። "የትናንቱ ትክክል አልነበረም፤ ተቀመጥና እንደገና እንየው" አልኩት። የስድስት ወሩን የመዝገብ ደብተር አምጥቶ ገጽ በገጽ አየን። በየካቲትና በመጋቢት ብቻውን የደረደረው የአሮጌ ፋይል ብዛት አሳፈረኝ። የጠፋው ፋይል እዚያው ቅጹ ላይ ተጽፎ ቀረ፤ እሱም ይገባል ብሏል። ነጥቡ ግን 62 ሳይሆን 79 ሆነ።

የከበደኝ ይህ አልነበረም። ከሻይ በኋላ የሚጠፋውን ባልደረባዬን ጠርቼ የእሱን ነጥብ ዝቅ ማድረግ ነበር ከባዱ። ቀኖቹን አንድ በአንድ ነገርኩት። ወር ሙሉ ሰላምታ ነሳኝ። ሁለት ሠራተኞችም "ምን አገባት" ማለታቸው ደርሶኛል። አሁን ሰላምታው ተመልሷል፤ ከሻይ በኋላም ይገኛል፤ ሁልጊዜ ባይሆንም። የሁለት ሰው ሥራ የምትሠራዋ ሴት ምንም አላለችኝም። የራሷን ውጤት ስታይ ግን ለአፍታ ዝም ብላ ቅጹን ሁለቴ አነበበችው።

አሁን እኔም በቦርሳዬ ትንሽ ደብተር አለች። ሁልጊዜ አልጽፍባትም። ታክሲ ሰልፍ ላይ ትዝ ሲለኝ አንድ መስመር እጽፋለሁ። ከኋላ በኩል ደግሞ የልጆቼ ገጽ አለ፤ "ዛሬ ክፍልፋይ ገባት" የሚል መስመር አለበት።

ዘንድሮ ልጄ ካርዷን ስታመጣ 11ኛ ወጥታ ነበር። ደረጃውን ቀድሞ ያየው ዓይኔ ነው፤ ልማድ ቶሎ አይለቅም። ግን ኮቴን አውልቄ ተቀመጥኩና ከሒሳብ ጀምሬ ማንበብ ጀመርኩ። አባቴ ከማዶ በመነጽራቸው በላይ እያዩኝ ነበር።